ምዕራፍ 7፦ የሻንጣ ቫይታሚን

አክስቴ የወደቀችው በእንቁጣጣሽ ጠዋት ነው። ጤዛው ያልደረቀ ቄጠማ አዲስ በተነጠፈው ሴራሚክ ላይ ተጎዝጉዟል፤ እሷ ደግሞ ረከቦቱን ይዛ ከጓዳ ወደ ሳሎን ትሻገራለች። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ እግሯ ከዳት። ረከቦቱን ላድን ብላ መሬት ያስነካችው አንድ እጇን ብቻ ነው። ከሲኒዎቹ አንድም አልተሰበረም። የተሰበረው የቀኝ እጇ አንጓ ነበር።

ወጌሻ ይጠራ፣ የለም ሐኪም ቤት ትሂድ እየተባለ ለግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ሐኪም ቤት ያልነው አሸነፍን። ጄሶ ታስሮላት፣ የራጅ ፊልሟን በፌስታል ይዛ ስትመለስ ያበሳጫት የእጇ ሕመም አልነበረም፤ ሐኪሙ “አጥንትዎ ሳስቷል” ማለቱ ነው። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና በደህናው እጇ ወደ ኮመዲኖው አመለከተችኝ። ከጸበሉ ጠርሙስና ከዳዊቷ አጠገብ አራት ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ ሁሉንም ቨርጂኒያ የምትኖረው ልጇ በመጣች ቁጥር በሻንጣ ያመጣችላት ናቸው።

“ይኼን ሁሉ እየዋጥኩ እንዴት ተሰበርኩ?” አለችኝ።

ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ይህ ምዕራፍ የዘገየው መልሴ ነው።

አጥንትን እንደ ድንጋይ የምንቆጥረው ሞቶና ደርቆ ስለምናየው ነው። ገላችን ውስጥ ያለው አጥንት ግን ደም የሚዘዋወርበት፣ ዕለት ዕለት የሚፈርስና የሚሠራ ሕያው ነገር ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ነገሩ አይከብድም። የጭቃ ቤት ግድግዳ ማገርና ምርጊት ነው። በአጥንት ውስጥ ማገሩ ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ሲሆን ምርጊቱ ካልሲየምና ፎስፈረስ የተዋሃዱበት ማዕድን ነው። ማገር የሌለው ምርጊት እንደ ጠመኔ ይፈረካከሳል፤ ምርጊት የሌለው ማገር ይጎብጣል።

ይህን ግድግዳ ሁለት ዓይነት ሴሎች ያለማቋረጥ ያድሱታል። አፍራሾቹ ያረጀውን ይቦረቡራሉ፣ ሠሪዎቹ ተከትለው ይሞላሉ። ችግሩ ፍጥነታቸው አለመመጣጠኑ ነው፤ በሳምንታት የተቦረቦረውን ለመሙላት ወራት ይፈጃል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ሠሪዎቹ ይቀድማሉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሚዛኑ ወደ አፍራሾቹ ያዘነብላል። ሴት ስታርጥ ደግሞ አፍራሾቹን በልጓም ይዞ የኖረው ኤስትሮጅን ይቀንሳል። ከማረጥ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የአጥንት ክምችቷን ልታጣ ትችላለች። ቦስተን ይሠራ የነበረው ሐኪም ፉለር ኦልብራይት የአጥንት መሳሳትን ከማረጥ ጋር አያይዞ ያስረዳው በ1940ዎቹ መግቢያ ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

እስካሁን ስለ ጭቃ እጥረት አንድም ቃል አላነሳሁም። ደጃፉ በጭቃ ክምር ቢሞላ እንኳ አፍራሹ ከሠሪው ከበዛ ግድግዳው መሳሳቱ አይቀርም። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የጭቃው ጉዳይ ናቸው፤ ካልሲየም ራሱ ጭቃው፣ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ጭቃውን በበር የሚያስገባው። ቫይታሚን ዲ ሲያጥር አንጀታችን ከምንበላው ካልሲየም ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ይወስዳል፤ ሲሟላ ከ30 እስከ 40 በመቶ።

ታዲያ ኪኒኑ ይረዳል ወይስ አይረዳም? ሁለት ሐኪም ብትጠይቁ ሁለት መልስ የምታገኙት ጥናቶቹ ራሳቸው የተጣሉ ስለሚመስሉ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ አማካይ ዕድሜያቸው 84 የሆነ 3,270 ሴቶች ተከፍለው ግማሾቹ በየቀኑ 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 800 አይ ዩ ቫይታሚን ዲ ወሰዱ (አይ ዩ ብልቃጡ ላይ የሚጻፈው የቫይታሚን መለኪያ ነው)። በ1992 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ከ18 ወር በኋላ ኪኒኑን በወሰዱት ዘንድ የዳሌ ስብራት በ43 በመቶ አነሰ። ዓለም ጉድ አለ። በ2006 ግን አሜሪካ ውስጥ 36,282 ሴቶች የተሳተፉበትና በአማካይ 7 ዓመት የፈጀ ጥናት ወጣ። የዳሌ አጥንታቸው በጥቂቱ ጠነከረ፣ ስብራቱ ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አልቀነሰም፤ ይልቁንም የኩላሊት ጠጠር በ17 በመቶ ጨመረ። በ2022 የወጣውና 25,871 ሰዎችን የተከታተለው ሌላው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በቀን 2,000 አይ ዩ ቫይታሚን ዲ ብቻውን ስብራትን እንዳልቀነሰ አሳየ።

ሦስቱም ጥናቶች እውነት ናቸው። የፈረንሳዮቹ ባልቴቶች በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ፣ ፀሐይ እምብዛም የማያገኙ፣ በምግባቸው ካልሲየም ያነሰባቸው ነበሩ። አሜሪካውያኑ ግን ሲጀመር አብዛኞቹ አልጎደለባቸውም። ለጎደለበት ሰው ኪኒኑ መድኃኒት ነው። ላልጎደለበት ሰው ውድ ሽንት ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይከፋል። በአውስትራሊያ 2,256 አረጋውያን ሴቶች ተከፍለው ከፊሎቹ በዓመት አንዴ 500,000 አይ ዩ ቫይታሚን ዲ ሲሰጣቸው፣ ይህን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ 15 በመቶ ይበልጥ ወደቁ፣ 26 በመቶ ይበልጥ ተሰበሩ። ይህ የሆነው በ2010 በወጣው ጥናት ነው። በካናዳ ካልጋሪ ከተማ በተደረገውና በ2019 በወጣው ጥናትም ለ3 ዓመት በቀን 10,000 አይ ዩ የወሰዱት ሰዎች የክንድ አጥንት 400 ከወሰዱት ይልቅ ሳስቶ ተገኘ። “ከበዛ ምን ይጎዳል” የሚለው አባባል ለቅቤ ቢሠራም ለቫይታሚን አይሠራም። (ለቅቤም ቢሆን እጠራጠራለሁ።)

እንግዲህ ጥያቄው “የትኛው ቫይታሚን ጥሩ ነው?” መሆኑ ቀርቶ “እኔ ምን ጎድሎብኛል?” ወደሚለው ይዞራል። እዚህ ላይ የእኛ ነገር ያስገርማል። የ13 ወር ፀሐይ አገር ሰዎች ቫይታሚን ዲ ሊያጥረን አይገባም ብለን እንገምታለን። በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2015 የወጣ ጥናት ግን ከከተማዎቹ ልጆች 62 በመቶ ገደማ፣ ከገጠሮቹ 21 በመቶ ያህሉ እጥረት እንዳለባቸው አገኘ። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ የተለያየው ከፀሐይዋ ሥር የሚዋልበት ሰዓት ነው። ከዚያም በፊት፣ በ1999፣ የአዲስ አበባ ሰዎች ደም ከኖርዌጅያን ደም ያነሰ ቫይታሚን ዲ ይዞ መገኘቱ ተጽፏል። ኖርዌይን ያየ ሰው ይህን አንብቦ መሳቁ አይቀርም።

ጥቁር ቆዳ ከቃጠሎ እንደሚጠብቀን ሁሉ ቫይታሚኑን የሚሠራውን ጨረርም ይከለክላል፤ ስለዚህ ተመሳሳይ መጠን ለማግኘት ከነጭ ቆዳ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ነጠላ ተከናንቦ፣ ከታክሲ ወደ ቢሮ ከቢሮ ወደ ታክሲ የሚል ሰው ያን ጊዜ አያገኝም። በመስኮት መስታወት የሚገባው ሙቀትም አያታልላችሁ፤ ጨረሩን መስታወቱ ያስቀረዋል። እናቶቻችን ሕፃን ፀሐይ ማሞቃቸው ትክክል ነው፣ ሆኖም ማለዳ ጥላ ሲረዝም ጨረሩ ደካማ ነው። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ያጠረበት ሰዓት ላይ ክንድና እግር ገልጦ ጥቂት መቆየት ይበልጣል። ወደ ደመናማና ብርዳማ አገር የሄደ ሐበሻማ ችግሩ ድርብ ነው። ፀሐያማ ወደሆነችው እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ዘንድ እንኳ እጥረቱ ብዙ መሆኑ በ1995 የተጻፈ ሲሆን በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ደግሞ ይብስባቸው ነበር። ለእነዚህ ሰዎች፣ እንዲሁም ከቤት ለማይወጡ አረጋውያን፣ የቫይታሚን ዲ ኪኒን ቅንጦት አይደለም።

ካልሲየምን ግን ከማድቤት ብንጀምር ይሻላል። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል ይባላል፤ እስከ 70 ዓመት ያለ ወንድ 1,000። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ወደ 300 ይሰጣል። አይብ የወተት ልጅ ናትና ከእሷም እንደዚያው የሚጠብቅ ብዙ ነው። ሆኖም አይብ የሚወጣው የኮመጠጠ አሬራ በእሳት ተደርጎ ስለሆነ፣ ኮምጣጣው ካልሲየሙን ፈልቅቆ ወደ አጓቱ ይለቀዋል። አይቡን በልተን አጓቱን ስንደፋ ምርጊቱን ደፋን ማለት ነው። አሬራው ሳይነጠር ቢጠጣ የተሻለ ነበር።

የጎመንና የቆስጣም ነገር እንዲሁ ነው። አብረው ገበያ ይወጣሉ፣ አብረው ይከተፋሉ፣ በካልሲየም ግን አይተካኩም። ቆስጣ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር በብዛት ስላለ ካልሲየሙን አንቆ ይይዘዋል፣ አንጀትም ሳይወስደው ያልፋል። የሐበሻ ጎመን ግን ኦክሳሌቱ ትንሽ ነው፤ ካልሲየሙ በደንብ ይወሰዳል። ጤፍ ከስንዴ በብዙ እጥፍ የበለጠ ካልሲየም አለው፣ እርሾውም ካልሲየሙን የሚያስሩትን ነገሮች ይቀንስለታል፤ ለዚህ ነው የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ የሚመረጠው። ሰሊጥ ካልሲየም አለው ሲባል አብዛኛው ያለው ገለባው ላይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ተፈትጎ የነጣው ሰሊጥ ብዙም የለውም።

ጾሙን አጥብቆ የሚይዝ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ወተት አይቀምስም። ጾም ይተው እያልኩ አይደለም። ሁዳዴ ሲገባ ወተቱ የተወውን ቦታ ሽሮ ብቻ እየያዘው እንደሆነ ግን ቆጥሮ ማየት ያስፈልጋል። ሽሮ ላይ ጎመን ካልተጨመረ፣ የካልሲየም ኪኒን ተገቢ የሚሆነው በእንዲህ ያለው ወቅት ነው። ፕሮቲኑንም አትርሱ፤ ማገሩ ከእሱ ነው፣ ምስርና ሽምብራም ይሰጡታል። ቡናን በተመለከተ የሚወራው ተጋኗል፤ ካልሲየም በበቂ ለሚያገኝ ሰው ሁለት ሦስት ሲኒ የሚያመጣው ጉዳት ከግምት የሚገባ አይደለም። ሲጋራና ብዙ መጠጥ ግን የታወቁ የአጥንት ጠላቶች ናቸው።

ወደ ኮመዲኖው ልመለስ። አንድ ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር አራቱን ብልቃጦች ወደ በረንዳ አውጥተን፣ እሷ መነጽሯን እኔ የስልኬን መብራት ይዘን አነበብናቸው። የካልሲየሙ ፊት ላይ በትልቁ 1,200 ሚሊ ግራም ተጽፏል። ጀርባው ላይ በደቃቁ ይህ የ2 ፍሬ ድምር እንደሆነ፣ በ2 ፍሬም ውስጥ 1,000 አይ ዩ ቫይታሚን ዲ እንዳለ ይናገራል። እሷ የምትውጠው አንድ ፍሬ ነው። ሁለተኛው ብልቃጥ ቫይታሚን ዲ ብቻ፣ 5,000 አይ ዩ። ሦስተኛው መልቲ ቫይታሚን፣ እሱም ውስጥ ሌላ 1,000። አራተኛው ለፀጉርና ለጥፍር ነው። ስንደምረው ሳታውቀው በቀን 6,500 አይ ዩ ትወስዳለች፤ ሐኪም ሳያዝ እንዳይታለፍ የሚመከረው ጣሪያ 4,000 ነው። ከ70 ዓመት በታች ላለ ሰው የሚመከረው የዕለት መጠን ደግሞ 600፣ ከዚያ በላይ ላለ 800 ብቻ ነው።

“መቼ መቼ ነው የምትውጪው፣ እቴቴ?” አልኳት።

“ጠዋት በባዶ ሆዴ። ከታይሮይዷ ጋር አንድ ላይ ዋጥ አደርጋታለሁ። ኋላ እንዳልረሳ ብዬ።”

ከዚያ በፊት ደግሞ ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል ትወስዳለች፣ ስንት ዓመቷ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የእሷ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለመሟሟት የጨጓራ አሲድና ምግብ ይፈልጋል። አክስቴ አሲዱን በኦሜፕራዞል አጥፍታ፣ ምግቡን ከልክላ ነው የምትውጠው። ከዚህም በላይ ካልሲየም የታይሮይዱን መድኃኒት ስለሚይዘው በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሰዓት መኖር አለበት። አይረን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲንም ከካልሲየም ጋር አንድ ላይ አይዋጡም። ሆድ በአንድ ጊዜ በደንብ የሚወስደው እስከ 500 ሚሊ ግራም ያህል ስለሆነ፣ ብዙ የሚያስፈልገው ሰው ከፋፍሎ ከምሳና ከእራት ጋር ቢወስድ ይሻለዋል። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ላይ ላለ ሰው ሲትሬት የሚባለው ዓይነት ይመረጣል፤ እሱ ምግብ አይጠብቅም።

ከሻንጣ ከሚወጡት ሁሉ የምፈራው አንዱን ነው፤ 50,000 አይ ዩ የሆነውን የቫይታሚን ዲ እንክብል። ይህ በሐኪም ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰነ ወራት የሚወሰድ ነው። እንደ ሌላው ኪኒን መስሏቸው በየቀኑ የዋጡት ሰዎች ደማቸው ውስጥ ካልሲየም ይበዛና ማቅለሽለሽ፣ ጥማት፣ ድርቀት፣ መደናበር፣ የኩላሊት ጉዳት ይከተላል። በሬቲኖል መልክ የሚወሰድ ብዙ ቫይታሚን ኤም በአጥንት ላይ የሚመሰገን አይደለም፤ ከስብራት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ለአጥንት ተብሎ የሚሸጠው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪን ከሚወስድ ሰው ጋር ይጋጫል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳ ጭቃው ደጃፍ ደረሰ እንጂ ግድግዳው ገና አልተሠራም። ሠሪውን “ሥራ!” የሚለው ጫና ነው። አጥንት የሚጠነክረው ሸክም በሚያርፍበት አቅጣጫ መሆኑን ጀርመናዊው ሐኪም ዩልየስ ቮልፍ በ1892 ጽፎታል። ክብደት በሌለበት ጠፈር ውስጥ ያሉ ተጓዦች በወር ከዳሌ አጥንታቸው ከ1 በመቶ በላይ ያጣሉ፤ የፈለጉትን ያህል ካልሲየም ቢበሉም። አክስቴ በልጅነቷ እንስራ አዝላ ውኃ ቀድታለች፣ በሙቀጫ ወቅጣለች። ዛሬ በቤቷ ከሁሉ የከበደው የምታነሳው ነገር የቴሌቪዥኑ ሪሞት ነው ብል እያጋነንኩ አይደለም።

አውስትራሊያ ውስጥ አጥንታቸው የሳሳ 101 ያረጡ ሴቶች የተሳተፉበት አንድ ጥናት አለ። ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ በአሠልጣኝ ፊት ከባድ ክብደት አነሡ፣ ዘለሉ። ከ8 ወር በኋላ የአከርካሪያቸው አጥንት በ2.9 በመቶ ጠነከረ፤ ቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ ያደረጉት ደግሞ 1.2 በመቶ አጡ። መራመድ ለልብ ጥሩ ነው፣ ለአጥንት ግን ብቻውን አይበቃም፤ የሚከብድ ነገር ማንሳት ይፈልጋል። ያለ አሠልጣኝ ዘሎ ብረት ማንሳት አልመክርም። ከወንበር እጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ግን ማንም ሊጀምረው ይችላል። ሲቀል ወደ በርጩማ ዝቅ ማለት ነው፤ በርጩማ የሐበሻ ጂም ነው። አከርካሪው አንዴ የተሰበረበት ሰው ወደፊት ጎንበስ ማለት ስለሚጎዳው፣ የጾም ስግደቱን በተመለከተ መጀመሪያ ሐኪሙን፣ ቀጥሎ የንስሐ አባቱን ቢያማክር መልካም ነው። አባቶች እንዲህ ያለውን ሲያቃልሉ ብዙ አይቻለሁ።

ሐኪሙን ስታገኙ ሌላም የምትጠይቁት አለ። ለአስም ወይም ለቁርጥማት ከ3 ወር በላይ ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው አጥንቱ ይጎዳል። በየ3 ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌም እየተወሰደ ባለበት ጊዜ አጥንትን ያሳሳል፣ ሲቆም ግን በአብዛኛው ይመለሳል። የአጥንት ጥግግት የሚለካው ማሽን በየሆስፒታሉ የለም፤ ካለም ቲ ስኮር የሚባለው ቁጥር ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያ ዝቅ ካለ አጥንት ሳስቷል ይባላል። ይሁንና ከ50 ዓመት በኋላ ቆሞ ሳለ ወድቆ የተሰበረ ሰው፣ ማሽን ባያገኝም ስብራቱ ራሱ ይናገርለታል። በዚህ ደረጃ ቫይታሚን ብቻውን አይበቃም፤ አፍራሾቹን የሚገታ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ለአክስቴ የታዘዘላት አሌንድሮኔት ነው፣ 70 ሚሊ ግራም፣ በሳምንት አንዴ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት መተኛትም መብላትም የለም፣ ካልሆነ ጉሮሮን ይልጣል። እሑድ ከቅዳሴ በፊት ውኃ መጠጣት አይሆንላትም፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ማክሰኞ ላይ ተስማማን። ማክሰኞ ማክሰኞ ኪኒኗን ውጣ በረንዳው ላይ እየተንጎራደደች ዳዊቷን ትደግማለች፤ ግማሽ ሰዓቱ በዚያ ያልቃል። የ5,000ው ብልቃጥ ቀረ፤ ካልሲየሟ ከምሳ ጋር ሆነ።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ላይ ስሄድ ቄጠማው በግድግዳው ጥግ ጥግ ብቻ ተጎዝጉዞ፣ መካከሉ ሴራሚክ ተወልውሎ ደርቆ ነበር። ቤት የምታግዛት ልጅ እንደ ልማዷ በሩ ጋ ልትበትን ስትል አክስቴ ከተቀመጠችበት በርጩማ እጇን ሳትደገፍ ተነሥታ ከለከለቻት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳለ ከቨርጂኒያ ተደወለ። ልጇ ለገና ስትመጣ ምን ቫይታሚን ላምጣልሽ ትላለች።

“ቫይታሚኑ ይቅር። ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ አምጪልኝ፣ ቁጥሬ 38 ነው” አለቻት አክስቴ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ያቺን የፀጉሯን ግን አትርሺ።”